ውሻዋ ቀን ቀን የምትውለው ከእናትሽ ጋር ነው

የምክር ዓምድ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ ከእናቴና ከ14 ዓመት ልጄ ጋር በኪራይ ታውንሃውስ እንኖራለን። ሆስፒታል ውስጥ በሳምንት ሦስት ቀን የ12 ሰዓት ፈረቃ እሠራለሁ። ትልቁ ልጄ ዩኒቨርሲቲ ከገባ ወዲህ ትንሿ ከክፍሏ አትወጣም፤ ከወጣችም የምታወራው ስለ ውሻ ብቻ ነው። አንድ ሬስኪው (የተጣሉ ውሾችን አንሥቶ ቤት የሚፈልግላቸው ድርጅት) ያወጣትን የ8 ዓመት የቺዋዋ ቅይጥ አይተን ወደድናት። 9 ፓውንድ ናት፤ ከቴክሳስ ነው ያመጧት። ማመልከቻው ግን የኤምባሲ ኢንተርቪው ነው የሚመስለው። አከራዬ ማን እንደሆነ፣ የሥራ ሰዓቴን፣ ቀን ማን ቤት እንደሚውል፣ ሁለት ሪፈረንስ፣ ከዚያ ደግሞ ቤቴን መጥተው ሊያዩ! በዚያ ላይ 400 ዶላር ይጠይቃሉ። አንድ ሰው በፌስቡክ የዮርኪ ቡችላ ያለ ምንም ጥያቄ በ1,200 ዶላር እሰጥሻለሁ ብሎኛል። ከሁሉም የከበደኝ ግን የእናቴ ነገር ነው። 74 ዓመቷ ነው፤ ደሴ ነው ያደገችው። «ውሻ ግቢ ይደር እንጂ ቤት አይገባም፤ እሷ ያለችበት ቤት እኔ አልጸልይም» ብላለች። ልጄን ላስደስት ወይስ እናቴን ላክብር? እርስዎ ምን ይመክሩኛል?
ግራ የገባኝ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

መልስ፦ እህቴ፣ ጥያቄሽን በልጅሽና በእናትሽ መካከል የመምረጥ ጉዳይ አድርገሽ ነው ያቀረብሽው። የእኔ ዓይን ግን ማመልከቻው ላይ ካናደዱሽ ጥያቄዎች አንዱ ላይ ነው ያረፈው፤ «ቀን ማን ቤት ይውላል?» የሚለው ላይ። ልጅሽ ጠዋት ትምህርት ቤት ትሄዳለች። አንቺ በፈረቃሽ ቀን ሳይነጋ ወጥተሽ ከመሸ ትገቢያለሽ። ቤት የሚውሉት እናትሽ ናቸው። ስለዚህ ይህች ውሻ በወረቀት ያንቺ፣ በወሬ የልጅሽ፣ በተግባር ግን የእናትሽ ልትሆን ነው። በር ሲንኳኳ የምትጮኸው እሳቸው ጆሮ ሥር ነው፤ ብታስመልስ ምንጣፉን የሚያዩት እሳቸው ናቸው፤ ኩሽና ሲገቡ የምትሽከረከረው እሳቸው እግር ሥር ነው። እና ፈቃዳቸው ለአክብሮት ያህል የሚጠየቅ ነገር አይደለም። ያለ እሳቸው እሺታ ነገሩ አይሠራም።

ሒሳቡን ትንሽ ወደፊት ውሰጂው። ቺዋዋና የቺዋዋ ቅይጥ ዕድሜያቸው ረጅም ነው፤ 15 እና 16 ዓመት የሚደርሱ ብዙ ናቸው። ልጅሽ በ18 ዓመቷ እንደ ወንድሟ ሻንጣዋን ይዛ ስትወጣ ውሻዋ 12 ዓመቷ ትሆናለች፤ ምናልባት መድኃኒት የምትወስድ፣ ጆሮዋ የከበደ አሮጊት። እናትሽ ደግሞ 78። ያኔ ቤት ውስጥ የምትቀሩት ሦስት ሴቶች ናችሁ። ይህን ያልኩት ላስፈራራሽ አይደለም፤ እኔን ከጠየቅሽኝ ደስ የሚል ቤት ነው። ግን ለ14 ዓመት ልጅ ስጦታ ብለሽ ብቻ የምታስገቢያት ከሆነ ተሳስተሻል።

ስለ ልጅሽም አንድ ነገር ልበልና ልለፍ። ወንድሟ ሲሄድ ቤቱ ጭር ብሎባታል፤ ውሻ መፈለጓ አይገርምም። ጠዋትና ማታ የምታስወጣት፣ ስትመጣ በር ላይ የምትጠብቃት ፍጥረት ብታገኝ እውነትም ሊጠቅማት ይችላል። ነገር ግን እንቅልፏ ወይም የምግብ ፍላጎቷ ተለውጦ ከሆነ፣ ጓደኞቿንም መራቅ ከጀመረች፣ ከውሻው በፊት የትምህርት ቤቷን ካውንስለር ወይም ሐኪሟን አነጋግሪ። ዘጠኝ ፓውንድ የምትመዝን ውሻ ላይ ይህን ሁሉ ሸክም መጫን ለሁለቱም አይበጅም።

አሁን ወደ እናትሽ። ያሉትን እንደ ኋላ ቀርነት አትቁጠሪው። እሳቸው ባደጉበት ቤት ውሻ ሥራ አለው፤ ሌሊት ግቢ ይጠብቃል፣ ቀን ይታሰራል፣ የተረፈውን ይበላል። ቤትና ግቢ የተለያዩ ዓለሞች ናቸው። ያንቺ ታውንሃውስ ደግሞ ግቢ የለውም፤ «ግቢ ይደር» የሚለው የእሳቸው ሥርዓት እዚህ የሚያርፍበት ቦታ አጥቷል። ሌላው ፍርሃት ነው፤ ይህን ላንቺ በግልጽ አልነገሩሽ ይሆናል። የእብድ ውሻ በሽታ ዛሬም ኢትዮጵያ ውስጥ ሰው ይገድላል፤ ምልክቱ አንዴ ከታየ ማዳኛ የለውም ማለት ይቻላል። በእሳቸው ዕድሜ ያለ ሰው ተነክሶ ፓስተር የተወሰደ ዘመድ ወይም ጎረቤት፣ ሆድ ላይ በየቀኑ የሚወጋውን መርፌ ሳያስታውስ አይቀርም። ስለዚህ «ምን ያስፈራል? ትንሽ እኮ ናት» አትበያቸው። ሲያስፈራቸው የኖረው የውሻው መጠን አይደለም።

ይልቅ የሚያውቁትን አክብረሽ የማያውቁትን ጨምሪላቸው። አሜሪካ ውስጥ ከውሻ ወደ ውሻ የሚተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታ ዓይነት መጥፋቱን የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከሉ፣ ሲዲሲ፣ እ.ኤ.አ. በ2007 አስታውቋል። በሽታው ራሱ ግን አልጠፋም፤ ሜሪላንድ ውስጥ በራኩን፣ በቀበሮና በሌሊት ወፍ ላይ አለ። ለዚህም ነው 4 ወር የሞላው ውሻ ሁሉ እንዲከተብ ሕጉ የሚያስገድደው። ሬስኪው የክትባት ወረቀቷን አብሮ ይሰጥሻል። ወረቀቱን ለእናትሽ አንብቢላቸው፤ ቀኑንም አሳያቸው። ፍርሃት በአንድ ወረቀት ባይጠፋም፣ ፍርሃታቸውን ከቁም ነገር እንደቆጠርሽው ያያሉ።

የጸሎቱ ጉዳይ ከዚህ ይለያል። እዚያ ላይ እኔም አንቺም ፈራጅ አይደለንም፤ የንስሐ አባታቸውን ይጠይቁ። ጠያቂዋም እሳቸው ራሳቸው ይሁኑ እንጂ አንቺ ቀድመሽ ደውለሽ መልስ ይዘሽ አትምጪባቸው። ካህኑም ምናልባት መጽሐፈ ጦቢትን ያነሡላቸው ይሆናል፤ ጦብያ ከመልአኩ ከሩፋኤል ጋር መንገድ ሲጀምር የልጁ ውሻ አብሮ እንደወጣ እዚያ ተጽፏል። ጳጉሜን 3 በሩፋኤል ዝናብ ሲጠመቁ ላደጉ እናት ይህ ባዕድ ታሪክ አይደለም። አንቺ ግን እናትሽን በጥቅስ ለመርታት እንዳትሞክሪ። እናቱን በጥቅስ ረትቶ ደስ ያለው ልጅ እስካሁን አላጋጠመኝም።

የምትችይው ቦታ መስጠት ነው። መኝታ ቤታቸውና ሥዕለ አድኅኖ ያለበት ጥግ ለውሻዋ የተዘጋ ይሁን። «እንሞክራለን» ሳይሆን በእርግጥ የተዘጋ፤ ለሕፃናት የሚሸጠውን ዝቅ ያለ የበር መከለያ ገዝተሽ ግጠሚ። ወንበራቸው ላይ አትወጣም። የውሻዋ ሳህን ከቤቱ ሳህን ጋር አይታጠብም። የውሻ ምግብ ሥጋ ሥጋ ይሸታልና በሁዳዴ ያ ሽታ ኩሽናቸው ውስጥ እንዳይኖር ክዳኑ ጥብቅ ባለ ባልዲ አድርገሽ ሌላ ቦታ አስቀምጪው። ፀጉሯ አጭር ነው ብለሽም አትዘናጊ፤ የአጭር ፀጉር ቺዋዋም ፀጉሩ ይረግፋል፣ ነጭ ነጠላ ላይ ከተሰካም በብሩሽ አይለቅም። ነጠላቸውን ውሻዋ የማትደርስበት ቁም ሣጥን ውስጥ ስቀዪ። እነዚህን ነገሮች እናትሽ ሳይጠይቁሽ ቀድመሽ ብታቀርቢላቸው ንግግራችሁ ከጅምሩ መልኩ ይለወጣል።

እኔን ከሃይማኖቱም ከፀጉሩም ይልቅ የሚያሳስበኝ መውደቅ ነው። ሲዲሲ እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው ዘገባ አሜሪካ ውስጥ በዓመት ከ86,000 የሚበልጡ የመውደቅ ጉዳቶች ከውሻና ከድመት ጋር የተያያዙ መሆናቸውን ገልጿል፤ አብዛኞቹ በውሻ ነው። ትንሽ ውሻ ደግሞ አትታይም። ረጅም ቀሚስ የለበሱ የ74 ዓመት ሴት ደረጃ ሲወርዱ እግራቸው ሥር ገብታ ብትገኝ የዳሌ አጥንት ነው የሚሰበረው። ማሰሪያዋ ላይ ትንሽ ቃጭል አንጠልጥይ፣ ኮሪደሩ ላይ የሌሊት መብራት አድርጊ፣ መኝታዋን መተላለፊያ ላይ አታንጥፊ፣ ደረጃውን ዝጊ። በረዶ ሲሆን ደግሞ እናትሽ ውሻ ይዘው በፍጹም አይውጡ። ጠዋት ልጅሽ ከትምህርት ቤት በፊት፣ ከሰዓት ስትመለስ እንደገና ታወጣታለች፤ ቡችላነቷን የጨረሰች ጤነኛ ውሻ በመካከል ያለውን ሰዓት አብዛኛውን ጊዜ ትችላለች። ካልቻለች መታጠቢያ ቤት ውስጥ የሚነጠፍ፣ የውሻ ሽንት የሚመጥ ፓድ አለ። ይህ የቤት ሥራ የልጅሽ መሆኑን ውሻዋ ከመምጣቷ በፊት ተስማሙበት።

ማመልከቻውን በተመለከተ ቁጣሽ ይገባኛል። ኤምባሲ በር ላይ ተሰልፎ ያለፈ ሰው ወረቀት ሲበዛበት «ደግሞ ምን አጠፋሁ?» ማለቱ አይቀርም። ነገር ግን ጥያቄዎቹ ከየት እንደመጡ እይው። አከራይሽን የሚጠይቁት ብዙ ውሻ ወደ ሼልተር (የእንስሳት መጠለያ) የሚመለሰው ባለቤቱ ቤት ሲቀይር ወይም አከራዩ አልፈቅድም ሲል ስለሆነ ነው። የሥራ ሰዓትሽን የሚጠይቁት አንዴ የተጣለ ውሻ ብቻውን ሲቀር የሚጮኽና የሚረበሽ ሊሆን ስለሚችል ነው። በቤቱ የሚኖረው ሰው ሁሉ ውሻዋን እንዲያያት የሚጠይቁት ደግሞ እኔ እስካሁን የለፈለፍኩትን እነሱ በልምድ ስለሚያውቁት ነው። ቤትሽን ሲያዩ በርሽንና ደረጃሽን ነው የሚያዩት፤ ዛሬ ዛሬ ብዙዎቹ በስልክ ቪዲዮ ያደርጉታል። ሶፋሽ ያረጀ ይሁን አዲስ ግድ የላቸውም።

«ከዚህ በፊት ውሻ ነበረሽ?» የሚለው ላይ እውነቱን ጻፊ። «ኢትዮጵያ እያለሁ ግቢያችን ውስጥ ነበረን» ብለሽ ብቻ ካቆምሽ አንባቢዋ ቀን ከሌት በሰንሰለት የታሰረ ውሻ ሊታያት ይችላል። ስለዚህ ጨምሪበት፤ «እዚህ ግን ቤት ውስጥ ነው የምትኖረው፤ እንዲህ ዓይነት ውሻ ስይዝ የመጀመሪያዬ ነው» በያቸው። ጀማሪ መሆን አያስጥልም። «እናቴ ውሻ ትፈራለች» የሚለውንም አትደብቂ። ከደበቅሽው የማትስማማችሁን ውሻ ነው የሚሰጡሽ።

እርግጥ ከመጠን በላይ የሚያጠብቁ ሬስኪዎችም አሉ፤ ተከራይ ስለሆንሽ ወይም በፈረቃ ስለምትሠሪ ብቻ በሩን የሚዘጉብሽ። እንደዚያ ከሆነ ክፉ ቃል ሳትለዋወጪ ወደ ካውንቲው ሼልተር ሂጂ። የሞንትጎመሪ ካውንቲ ዴርዉድ ነው ያለው፤ ላንቺ ሩቅ አይደለም። ቨርጂኒያ ላሉ አንባቢዎቼ የአርሊንግተንና የአሌክሳንድሪያ ሼልተሮች አሉላቸው። የካውንቲ ሼልተር ጥያቄው ያነሰ፣ ክፍያውም ብዙ ጊዜ ዝቅ ያለ ነው። ጉድለቱ፣ ውሻዋ የምትኖረው በክፍል ውስጥ ተዘግታ ስለሆነ በሰው ቤት ምን እንደምትመስል የሚነግርሽ ሰው ላይኖር ይችላል። ሬስኪው ግን በፎስተር ቤት፣ ማለትም በጊዜያዊ አሳዳጊ ቤት፣ ያቆያታል፤ ጠዋት ስትነሣ፣ ቫኪዩም ሲበራ፣ እንግዳ ሲመጣ ምን እንደምታደርግ የሚያውቅ ሰው አለ። ላንቺ ቤት ይህ መረጃ ከ400 ዶላሩ ይበልጣል።

ስለ 400 ዶላሩም፦ አብዛኛውን ጊዜ በውስጡ ክትባቷ፣ እንዳትወልድ የተደረገችበት ቀዶ ሕክምናና ከቆዳዋ ሥር የሚገባው ማይክሮቺፕ አለበት። አንቺ በየተራ ለሐኪም ከፍለሽ ብታሠሪው ከዚያ ያልፋል። ማይክሮቺፑ በራሱ ውሻ ፈልጎ አያገኝም፤ ቁጥር ብቻ ነው የያዘው። ስልክሽን ካላስመዘገብሽበት ምንም አይጠቅምም።

የፌስቡኩን ሰው ተዪው። ሜሪላንድ የቤት እንስሳት መደብሮች ቡችላ እንዳይሸጡ የሚከለክለውን ሕግ እ.ኤ.አ. በ2018 አውጥታ ከ2020 መጀመሪያ ጀምሮ ሥራ ላይ አውላለች። ምክንያቱ እናቶቹን በኬጅ ዘግተው ዕድሜ ልካቸውን የሚያስወልዱ አርቢዎች ናቸው። መደብሩ ሲዘጋባቸው አንዳንዶቹ ወደ ኢንተርኔት መጡ። ቡችላዋ እናቷ ካለችበት ቤት ውስጥ ካላየሻት፣ የሐኪም ወረቀት ከሌላት፣ ሰውየው በዜል (በስልክ ገንዘብ መላኪያው) ቀድመሽ ላኪ ካለሽ፣ ውሻዋ ጭራሽ ላትኖርም ትችላለች። ብትኖርም እንኳ የዮርኪ ቡችላ ለአንቺ ቤት አትሆንም። በጣም ትንንሽ ቡችሎች በቀን ሦስት አራት ጊዜ ካልበሉ ስኳራቸው ወርዶ ይዝለፈለፋሉ። በየሁለት ሦስት ሰዓቱ መውጣት አለባቸው፤ ያገኙትንም ይነክሳሉ። አንቺ ሆስፒታል ሆነሽ ይህን ሁሉ የሚሠራው ማን ነው? ሳይጠየቁ የተቀጠሩ እናትሽ።

የ8 ዓመቷን ወድጄልሻለሁ። ጠባይዋ የታወቀ ነው፣ አብዛኛውን ቀን ትተኛለች፣ ጫማ የማኘክ ዕድሜዋ አልፏል። ግን ትንሽ ውሻ የራሷ የሆኑ ሕመሞች አሏትና ሬስኪውን አጥብቀሽ ጠይቂ። አንደኛው ጥርስ ነው። የትንንሽ ውሾች አፍ ጠባብ ነው፣ ጥርሱ ይታጨቅና ድድ ቶሎ ይታመማል። ማጽዳቱ በማደንዘዣ ስለሚሠራ፣ የሚነቀል ከኖረበት ደግሞ ከ1,000 ዶላር ሊያልፍ ይችላል። ሬስኪው ከማስረከቡ በፊት አሠርቶላት እንደሆነ ጠይቂ፤ ካላሠራላት የሐኪሙን ግምት በጽሑፍ ያሳዩሽ። ሁለተኛው የጉልበት ሎሚ ከቦታው መንሸራተት ነው፤ እየሄደች አንድ እግሯን ድንገት አንሥታ ሁለት ሦስት እርምጃ ከዘለለች በኋላ ምንም እንዳልሆነ ሰው ትሄዳለች። ሦስተኛው የአየር ቧንቧ መላላት፤ ስትደሰት ወይም ስትጎተት ደረቅ ሳል ያስላታል። ለዚህ ሲባል ማሰሪያው አንገቷ ላይ ሳይሆን ደረቷን የሚይዝ ሃርነስ ይሁን። ቤታችሁ ዕጣን የሚታጠን ከሆነም በዚያ ሰዓት ጢሱ ከማይደርስበት ክፍል ትቆይ። የልብ ምቷ ላይ ድምፅ ተሰምቶ እንደሆነም ጠይቂ፤ በዕድሜ የገፉ ትንንሽ ውሾች ላይ የልብ ክዳን ሕመም የተለመደ ነው።

ከቴክሳስ መምጣቷ ደግሞ የልብ ትል ጥያቄ ያስነሣል። ትሉን የምታስተላልፈው ትንኝ ናት፤ በደቡቡ ክፍል በብዛት አለ። ምርመራው ውሻዋ ከተያዘች ስድስት ወር ገደማ ካልሞላ ላያሳይ ይችላል። ስለዚህ «ኔጌቲቭ ናት» ሲሉሽ የተመረመረችበትን ቀን ጠይቂና ከስድስት ወር በኋላ አስደግሚላት፤ የወር መከላከያውንም አታቋርጪ። ኢንሹራንስ ልትገቢላት ካሰብሽ ቀድሞ የነበረ ሕመምን እንደማይሸፍን እወቂ። ዋጋ የሚኖረው መጀመሪያውኑ ስትወስጃት ከገባሽ ነው።

አሁን ወደ ኩሽናው እንግባ፤ የእኛ ቤት ከሌላው የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ለውሻ ሽንኩርት መርዝ ነው። ጥሬውም፣ የበሰለውም፣ ዱቄቱም የደም ሕዋሷን ይሰብራል፤ ነጭ ሽንኩርትም እንደዚያው። ወጣችን ደግሞ ከሽንኩርት የተሠራ ነው። ዶሮ ወጥ፣ ምስር፣ ሽሮ፣ የጾሙም የፍስኩም፣ አንዱም ለእሷ አይሆንም። በፋሲካ ቀን «ትንሽ ቅመሺ» ብሎ በወጥ የራሰ እንጀራ የሚሰጣት አጎት ይኖራል፤ ለ9 ፓውንድ ውሻ ያ ትንሽ አይደለም። የበሰለ የዶሮ አጥንት ተሰነጣጥቆ አንጀት ይወጋል። ቅቤ የበዛበት ነገር ቆሽቷን ሊያሳብጥ ይችላል። ዘቢብ የገባበት ዳቦ፣ ቸኮሌት፣ ዛይሊቶል የሚባለው የስኳር ምትክ ያለበት ማስቲካ፣ ያልተጋገረ የዳቦ ሊጥ፣ ሁሉም ክልክል ነው። ቡና በሚፈላበት ጊዜ ረከቦቱ ወለል ላይ ስለሆነ ለእሷ አፍንጫ ቅርብ ነው። የሚፈላው ጀበና ያቃጥላታል፣ አተላውም ካፌይን አለው። እንግዳ ሲመጣ ክፍሏ ገብታ በር ይዘጋባት። ለእሷም ለሚፈሯትም ዕረፍት ነው። መስጠት ደስ የሚለው ሰው ካለ ያለ ጨውና ቅመም የተቀቀለ አጥንት የሌለው ዶሮ ወይም ካሮት ይስጣት።

የመጀመሪያዎቹን ቀናት በተመለከተ ሬስኪዎች አንድ የተለመደ መለኪያ አላቸው፤ ሦስት ቀን፣ ሦስት ሳምንት፣ ሦስት ወር። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ገደማ ሶፋ ሥር ገብታ ላትወጣ፣ ምግብም ላትነካ ትችላለች። በሦስት ሳምንት የቤቱን ሰዓት ትለምዳለች። በሦስት ወር ትክክለኛ ጠባይዋ ይወጣል፤ መጮህ ከሆነም ያኔ ነው የሚለይለት። ልጅሽ በመጀመሪያው ቀን አቅፋ ሴልፊ ልትነሣ ትፈልጋለች፤ አስቁሚያት። ከተደበቀችበት ጎትቶ ማውጣት ንክሻ ያመጣል። ጓደኞቿም ለጊዜው አይምጡ። የውጭ በር ከመከፈቱ በፊት ደግሞ ሁልጊዜ ትታሰር። አዲስ ውሻ አምልጣ የምትጠፋው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነው፤ ስሟን ገና አታውቅም፣ ቤቱንም አታውቅም።

ኢትዮጵያ ስትሄዱ ውሻዋን ይዛችሁ አትሂዱ። ኢትዮጵያ ሲዲሲ የውሻ እብደት አደጋቸው ከፍተኛ ነው ብሎ ከዘረዘራቸው አገሮች አንዷ ናት፤ ከነሐሴ 2024 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ከእነዚያ አገሮች ወደ አሜሪካ ውሻ መልሶ ማስገባት ከመነሣትሽ በፊት የሚጸድቅ ልዩ የክትባት ሰነድ ይጠይቃል። የሚያቆይልሽ ሰው ከአሁኑ ፈልጊ። ብዙ ሬስኪዎች ውሻዋን መያዝ ብትተዪ ለእነሱ እንድትመልሺ እንጂ ለወዳጅ እንዳትሰጪ ውል ያስፈርማሉና ለአጭር ጊዜ ማስቆየት ከዚህ የተለየ መሆኑን ጠይቀሽ አረጋግጪ።

ታዲያ ምን ታድርጊ? ወዲያው አዶፕት አታድርጊ (ለዘለቄታው አትውሰጃት)፤ መጀመሪያ ፎስተር እንድታደርጊያት ጠይቂ። ብዙ ሬስኪዎች ይህን ይፈቅዳሉ። ለተወሰነ ሳምንት እናንተ ጋ ትቆያለች፣ የሕክምና ወጪው በእነሱ ነው፣ ካልሆነም ትመለሳለች፤ ማንም አያፍርም። ለእናትሽም ጥያቄው ይቀላል። «ዕድሜ ልክ ከውሻ ጋር ይኑሩ» ከማለት «እስከዚህ ቀን ድረስ እንያት፤ እርስዎ ካልተመቸዎት ትመለሳለች» ማለት ሌላ ነው። ቃልሽን ግን ጠብቂ። ቀኑ ደርሶ «አይሆንልኝም» ካሉ፣ ልጅሽ ብታለቅስም ትመልሻታለሽ። ይህንንም ለልጅሽ ውሻዋ ከመምጣቷ በፊት ንገሪያት፤ ከዚያ በኋላ የሚነገር ከሆነ በአያቷ ላይ ቂም ትይዛለች። በዚያ ጊዜ ውስጥ እናትሽ ፈቃደኛ ከሆኑ፣ ፈቃደኛ ከሆኑ ብቻ፣ የቀኑን ምግብ እሳቸው ይስጧት። ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባል የለ፤ ሳህኑን ማን እንደሚያስቀምጥላት ቶሎ ነው የምትለየው። ንክኪ ካልፈለጉም ሳህኑን አስቀምጠው ዞር ማለት ይችላሉ።

አልሆነም ካሉ ደግሞ ልጅሽን ሼልተር በበጎ ፈቃድ ማገልገል ትችል እንደሆነ ጠይቂላት። የዕድሜ ገደቡ እንደየቦታው ይለያያል፤ ከወላጅ ጋር ከሆነ የሚፈቅዱ አሉ። የጎረቤት ውሻ በእግር ማንሸራሸርም አለ። የፈለገችውን ሁሉ አያሟላም፤ ከክፍሏ ግን ያስወጣታል።

ይህን ሁሉ ከመጀመርሽ በፊት፣ ለሬስኪውም ለእናትሽም ሳትናገሪ፣ ዛሬ ማታ የኪራይ ውልሽን አውጥተሽ ስለ ቤት እንስሳ የሚለውን አንቀጽ አንብቢ። የክብደት ገደብ፣ ተጨማሪ ዲፖዚት፣ በየወሩ የሚጨመር ኪራይ ሊኖር ይችላል። የሚከለክል ከሆነ ለአከራይሽ የውሻዋን ዕድሜና ክብደት ገልጸሽ ኢሜይል ላኪና መልሱን በጽሑፍ ተቀበዪ። ውሻው ለባለቤቱ ጤና ያስፈልጋል የሚለውን፣ ኢንተርኔት ላይ በገንዘብ የሚሸጠውን «የስሜት ደጋፊ» ሰርተፊኬት ግን እንዳትገዢ። ሕጉ የሚያየው አንቺን የሚያውቅ ባለሙያ የጻፈልሽን የጤና ምክንያት እንጂ ያንን ወረቀት አይደለም። አከራይሽ እሺ ያለ ቀን እናትሽን ቡና ላይ አነጋግሪያቸው፤ ልጅሽ በሌለችበት።